የሁለት አገር ሠንጠረዥ

ሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር ኤስናት ጉዋዛ እንደ ወትሮዋ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሣች። ውኃ ጣደች፤ የበቆሎ ገንፎዋን በላች፤ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ አጠበች። የሰኔ ካፊያ ከተራራው ወርዶ የማላዊዋን ከተማ የዞምባን መንገድ አርሶት ነበር። ገበያው ጥግ ከተቀመጠችው ሴት ከዘይት የወጣ ማንዳሲ፣ ትኩስ የሊጥ ጥብስ፣ ገዛች፤ ሁለት። ሁለት መግዛት ከለመደች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ሁለተኛውን አሁን ሳጅን ሊክሶን ቻውሉካ ነው የሚበላው።

«አማዪ፣ ዛሬ ትንሽ አነሰ» አለ ሳጅኑ፣ እንደ አገሩ ልማድ 'እናቴ' ብሎ እየጠራት፣ ማንዳሲውን በሁለት ጉርሻ ጨርሶ።

«አፍህ ነው የሰፋው።»

የጣቢያው ስልክ የጮኸው ይኼኔ ነበር። ሁለት ሰዓት አልሞላም።

የሸለቆው ጥናት ማዕከል ከዩኒቨርሲቲው በታች ባለ አሮጌ ቪላ ውስጥ ነው፤ አራት ክፍል፣ አንድ የብረት በር፣ አንድ ጥበቃ። ከመጨረሻው ክፍል ውስጥ፣ በጠረጴዛውና በብረት ቁም ሣጥኑ መካከል፣ ዶክተር ዊስከስ ንዮንዶ በጎኑ ወድቋል። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው። ሹራቡን ለብሷል፤ መነጽሩ ከአንድ ጆሮው ላይ አልወረደም። የቁም ሣጥኑ ማዕዘን ላይ የደረቀ ደም አለ።

ያገኘችው ጽዳት ሠራተኛዋ ናት። በሩ ከውጭ ተቆልፎ ስለነበር ጥበቃውን ጠርታ አስከፍታለች።

«ቁልፍ ያለው ማን ማን ነው?» አለች ኤስናት።

«ሟቹ፣ ኪሱ ውስጥ አለ። ዳይሬክተሩ። ጥበቃው» አለ ሊክሶን።

ጠረጴዛው ላይ አንድ የታተመ ወረቀት ተቀምጧል። በግራ በኩል ማላዊ፣ በቀኝ በኩል ዛምቢያ፤ ከላይ ወደ ታች ዓመታት፤ ለእያንዳንዱ ዓመት የመንግሥት ገቢ ስንት፣ ከውጭ የተሰጠ ዕርዳታ ስንት። ኤስናት አየችውና ወደ ጎን አደረገችው። በዚያ ሰዓት እርሷም እንደ ሌላው ሰው ቁጥር ብቻ ነው ያየችው።

የጥበቃው ስም ጃሊ ነው፤ ስልሳን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ካፖርቱ የሰፋው። የካፖርቱ እጅጌ ላይ ደም አለ።

«ይህ ምንድነው፣ ባምቦ ጃሊ?» አለች ኤስናት፤ ባምቦ አባት ማለት ነው።

«አንገታቸውን ቀና ላደርግ ብዬ ነው፣ አማዪ። እንደዚያ ተጣመው ሳያቸው…»

«ትናንት እሁድ ማን ገባ?»

«ዶክተሩ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገቡ። ሌላ ማንም አልገባም።»

«ከበሩ ተነሥተዋል?»

ጃሊ መሬት መሬት አየ። «አልተነሣሁም» አለ።

ሬሳውን ያየው ሐኪም ትከሻውን ነቀነቀ። «ክፍሉ እንደ ማቀዝቀዣ ነው። ከእሁድ ጠዋት እስከ እሁድ ማታ ድረስ ባለው ጊዜ ነው የሞተው። ከዚህ በላይ አታስጨንቂኝ።»

ከዚህ በላይ የተናገረው ዳይሬክተሩ ነው። ሄስቲንግስ ቺዙላ ከብላንታየር በመኪና ሲደርስ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። ቁመናው ያማረ፣ ድምፁ ለስብሰባ የተሠራ ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ፤ አለቀሰም። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አሳየ።

«ትናንት ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ ነው በኢሜይል የላከልኝ። ለእኔም፣ ሉሳካ ላለችው የሥራ ባልደረባውም። የመጨረሻው ሠንጠረዥ ነው። ነገ ለጋሾቻችን ይመጣሉ፤ ለእነሱ ነበር የሚያዘጋጀው። እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ሲሠራ ነበር ማለት ነው።»

«እርስዎ አሥር ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«የእህቴ ልጅ ሽማግሌ የተላከባት ዕለት ነበር፤ ብላንታየር። ከሰባት ሰዓት እስከ ማታ ስንጨፍር ነው የዋልነው። ሁለት መቶ ሰው አይቶኛል።» ፎቶግራፍ አሳያት። ቺዙላ በሙሉ ልብስ ሆኖ ከእጮኛሞቹ ፊት የኳቻ ኖት ሲበትን ይታያል።

«ብዙ በትነዋል» አለች ኤስናት።

«አጎት ነኝ። ምን ላድርግ?»

ከሰዓት በኋላ የጣቢያው አዛዥ ቢሮው ጠራት። ቸኩሏል፤ ችኮላው ግን ክፋት አልነበረውም።

«ሟቹ አሥር ሰዓት ላይ በሕይወት ነበረ፤ ደብዳቤ ልኳል። ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ ማን ነበረ? ጃሊ። ቁልፍ ያለው? ጃሊ። ደም የነካው? ጃሊ። ባለፈው ወር ዶክተሩ 'ጥበቃው ይተኛል' ብሎ ከሶታል፤ ደብዳቤው ፋይሉ ውስጥ አለ። ምን ቀረሽ?»

«ሽማግሌው ገደለ ብዬ ማመን ይቀረኛል።»

«ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ነው የያዝነው። አርባ ስምንት ሰዓት አለን። ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ወይ ዳኛ ፊት ይቀርባል ወይ ይለቀቃል። ሌላ ስም ካላመጣሽልኝ ይቀርባል።»

ደረጃው ላይ የጃሊ ልጅ ፋይነስ ተቀምጣ ነበር፤ ጭኗ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን፣ ንሲማ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ ከባቄላ ጋር ይዛ።

«አሳልፉልኝ አልኳቸው፣ እምቢ አሉኝ» አለች።

«ስጪኝ፣ እኔ አደርስልሻለሁ።»

«አማዪ፣ አባቴ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው።»

«ፊቱን ማዞሩ ማስረጃ አይሆነኝም።»

«ወህኒ ከገባ ቀጠሮው ሳይደርስ ነው የሚሞተው። ደረቱን አያውቁትም። አንድ ክረምት አይችልም።»

ኤስናት ሳህኑን ተቀበለቻት። ስለ ደረት ሕመም ከባሏ የተማረችው ይበቃታል።

ማክሰኞ ጠዋት ሊክሶን እየሮጠ መጣ። የማዕከሉ ጎረቤት እሁድ ዕለት የዛምቢያ ታርጋ ያለው ሰማያዊ ፒካፕ ከበሩ አጠገብ ቆሞ አይታለች።

«የሚያወዳድሩት ማላዊንና ዛምቢያን ነው፣ ሰውየው ሞተ፣ የዛምቢያ መኪና በሩ ላይ ቆመ!» አለ ሊክሶን። «አማዪ፣ ይኼ ትልቅ ነገር ነው።»

ትልቁን ነገር ገበያ ውስጥ አገኙት። የደረቀ ዓሣ በጆንያ ጭኖ፣ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ሸንኮራ ይመጥጣል። ብዋልያ ይባላል፤ ከዛምቢያዋ ከተማ ከቺፓታ የመጣ ነጋዴ ነው።

«ዛምቢያዊ መሆን እዚህ ወንጀል ሆነ እንዴ?» አለ ሳይነሣ።

«ዓሣችንን ጨርሰህ ልትሄድ ነው» አለ ሊክሶን።

«እናንተ በቆሏችንን ስትጨርሱ ፖሊስ ጠራን?»

«እሁድ የት ነበርክ?» አለች ኤስናት።

«ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ቺልዋ ሐይቅ ዳር። ይኸው የወደቡ ደረሰኝ፣ ይኸው ማኅተሙ። እዚያው አደርኩ፤ ትንኙ ምስክሬ ነው።»

«መኪናህ ግን ከዩኒቨርሲቲው በታች ታይቷል።»

«ያማ ጠዋት ነው! አራት ሰዓት ገደማ። ጎማዬ ፈነዳ። ክሪክ ልዋስ ብዬ የብረቱን በር ብደበድብ፣ ብደበድብ፣ የሰው ዘር የለም። ከዚያ መንገደኛ ረዳኝ።»

«ጥበቃ አልነበረም?»

«ቢኖርማ ይኼን ያህል እቸገር ነበር? እጄ እስኪላጥ ነው የደበደብኩት።»

ደረሰኙ ትክክል ነበር። ትልቁ ነገር ወደ ዓሣው ተመለሰ። ነገር ግን ጃሊ ዋሽቷል። ኤስናት ይህንን ለአዛዡ ስትነግረው ያተረፈችው የአዛዡን ፈገግታ ብቻ ነው።

«አየሽ? ውሸታም ነው። ነገ ሦስት ሰዓት።»

ጃሊን ጠየቀችው። በሩ ላይ ነበርኩ አለ። ዓሣ ነጋዴው ያለውን ነገረችው። በሩ ላይ ነበርኩ አለ። ከዚያ ሳለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ለወጉ ያህል የቀራት ወደ ዛምቢያ ዋና ከተማ፣ ወደ ሉሳካ መደወል ነበር። የሟቹ ባልደረባ ቺሌሼ ሙሶንዳ ትባላለች፤ የስታቲስቲክስ ሰው ናት። ኤስናት የደወለችው በማዕከሉ ስልክ ስለነበር ሴትዮዋ ማን ነሽ እንኳ ሳትል ጀመረች።

«እንኳንም ደወላችሁ! ከትናንት ጀምሮ ስልኩን ዘግቶ የት ነው የተደበቀው? ንገሪው፣ ሰክሮ ነው ወይ የጻፈው? በዚህ ዕድሜው በሰዎች ፊት ሊያዋርደኝ ነው?»

«ወይዘሮ ሙሶንዳ፣ ከዞምባ ፖሊስ ነኝ። ኢንስፔክተር ጉዋዛ እባላለሁ። ዶክተር ንዮንዶ እሁድ ዕለት ሞተዋል።»

ከመስመሩ ማዶ ወንበር ሲሳብ ተሰማ።

«እኔ እኮ እየሰደብኩት ነበር» አለች ቺሌሼ።

«በምን ምክንያት?»

«በሠንጠረዡ ነዋ። እሁድ በላከው።»

«ምን ነበረው? እኔ ቁጥር አላውቅም፤ ለሕፃን እንደሚነገር ንገሪኝ።»

ቺሌሼ አፍንጫዋን ጠረገች። «እሺ። እኛ ዛምቢያ የመንግሥትን ዓመት የምንቆጥረው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። እናንተ ከጁላይ እስከ ጁን ነበር። ከዚያ ቀየራችሁና ከኤፕሪል ጀመራችሁ። ስትቀይሩ በመሐል አንድ ዓመት ከጁላይ እስከ ማርች ብቻ ሆነ።»

«ዘጠኝ ወር።»

«ዘጠኝ ወር። የእናንተን የዘጠኝ ወር ግብር ከእኛ የአሥራ ሁለት ወር ግብር ጎን ካስቀመጥሽው ማላዊ በአንድ ዓመት የከሰረች ትመስላለች። ዛምቢያ ወጣች፣ ማላዊ ወደቀች፣ ስለዚህ ዕርዳታ ጨምሩላት ይባላል። የእሁዱ ሠንጠረዥ ያንን ነው ያደረገው። ዊስከስ! አሥር ዓመት ሙሉ 'መጀመሪያ ወሩን ቁጠሪ፣ ገንዘቡን ኋላ' እያለ ያደረቀኝ ሰው!»

«ሰው ይሳሳታል።»

«እሱ በዚህ አይሳሳትም። ዓርብ ዕለት እኮ ጽፎልኛል። ቺዙላ በራሱ ስም ያወጣው ጽሑፍ ይህንኑ ስህተት ይዟል፣ ለጋሾቹም የሦስት ዓመት ገንዘብ ሊፈርሙ የሚመጡት በዚያ ነው፣ ለራሱም ነግሬዋለሁ፣ ማክሰኞ ፊታቸው ላይ ቆሜ አርመዋለሁ አለኝ። ዓርብ አርመዋለሁ ያለ ሰው እሁድ ያንኑ ስህተት ይልካል?»

ኤስናት ስልኩን ዘግታ ተቀመጠች። ያቺን አጭር ዓመት ታውቃታለች። የጣቢያው ነዳጅ በዘጠኝ ወር ተመትሮ የተሰጠባት ዓመት ናት። አስተማሪ ለነበረው ባሏም የሕመም ፈቃዱ በዘጠኝ ወር ልክ ተቆርጦለት ነበር፤ አያልቅብኝም ወይ ብሎ ተጨንቆ ነበር። አላለቀበትም። ሲሞት ሃያ ሦስት ቀን ተርፎት ነበር።

የእሁዱን ወረቀት አወጣች። አሁን ቁጥሩን ሳይሆን የጻፈውን ሰው ነው የፈለገችው፤ የጻፈው ደግሞ ዊስከስ ንዮንዶ አልነበረም።

«ሊክሶን፣ ደብዳቤ ከተጻፈ በኋላ ሳይላክ መቆየት ይችላል?»

«በደንብ ነዋ። እኔ ለሚስቴ የልደት ምኞቷን ከሳምንት በፊት ጽፌ ነው የማስቀምጠው። ሰዓት ትሰጪዋለሽ፣ ትተኛለሽ፣ እሱ ራሱ ይሄዳል።»

«ሚስትህ ታውቃለች?»

«አማዪ፣ ትዳሬን አትንኪብኝ።»

«እንግዲያው ሂድና የሟቹ ደብዳቤ በስንት ሰዓት እንደተጻፈ አውጣልኝ። የተላከበትን አይደለም፤ የተጻፈበትን።»

እርሷ ወደ ጃሊ ወረደች። ውኃ ሰጠችውና መሬት ላይ ትይዩ ተቀመጠች።

«ባምቦ ጃሊ፣ ሁለት ቀን ሙሉ የጠየቅንዎት ስለ እሁድ ከሰዓት ነው። ተሳስተናል። ዶክተሩ አሥር ሰዓት ላይ በሕይወት አልነበሩም። የሞቱት ጠዋት ነው፤ እርስዎ በሩ ላይ ባልነበሩበት ሰዓት።»

ሽማግሌው ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ጠዋት?»

«ጠዋት። የት ነበሩ?»

«ቀብር» አለ። «ከወንዙ ማዶ የጎረቤታችን እናት ሞታ ነበር። የሌላውን ያልቀበረ ማን ይቀብረዋል? ቅዳሜ ፈቃድ ጠይቄ ከለከሉኝ፤ ደንቡ በር ጥሎ መሄድ አይፈቅድም። እሁድ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ግን እሳቸው ራሳቸው መጡ።»

«ማን?»

«ባምቦ ቺዙላ። 'ሂድ፣ እስክትመለስ እኔ አለሁ' አሉኝ። ለሐዘኑ የሚሆን አምስት ሺህ ኳቻም ሰጡኝ። 'ለሰው እንዳትናገር፤ ከተሰማ ሁለታችንም ከሥራ እንወጣለን' አሉኝ። ስድስት ሰዓት ላይ ስመለስ መኪናቸው የለም፤ የዶክተሩ በር ተዘግቷል። እየሠሩ ነው ብዬ አልረበሽኳቸውም።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«እናንተ እኮ ናችሁ ዶክተሩ አሥር ሰዓት ላይ ደብዳቤ ጽፈዋል ያላችሁኝ!» አለ ጃሊ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣ። «የጠዋቱ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል? ለቀብር የላከኝን ሰው፣ ለሬሳ እጁን የዘረጋልኝን ሰው፣ በከንቱ እንጀራውን ላሳጣው?»

ውሸቱን ያስዋሸው የፖሊስ ቃል ነበር።

ቺዙላ የመጣው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። የለጋሾቹ ስብሰባ በሐዘን ምክንያት ለሳምንት ተላልፎ ነበር። ጥቁር ከረቫት አስሯል። ኤስናት ወረቀቱን ፊቱ ዘረጋችው።

«ባምቦ ቺዙላ፣ ለሪፖርቴ ይህን ሠንጠረዥ መረዳት አለብኝ። ከእርስዎ የተሻለ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።»

«በደስታ» አለ። ወንበሩን ሳበ። «ይህ የራሳችን ገቢ ነው፤ ግብር፣ ቀረጥ። ይህ ደግሞ ዕርዳታ። በቀኝ የዛምቢያ። እነሱ መዳብ አላቸው፤ እኛ ትምባሆ።»

«እዚህ ጋ ግን የእኛ ገቢ ድንገት ወረደ።»

«አዎ። አስቸጋሪ ዓመት ነበር። ወረርሽኙ ነበር፣ ማዕበልና ጎርፍ ነበር፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነበር። ጉድለቱን ዕርዳታ ካልሞላው አንችለውም ማለት ነው። የዊስከስም መደምደሚያ ይኼው ነው።»

«ጎርፍ።»

«ጎርፍም።»

«ይህ ዓመት ስንት ወር ነው?»

ቺዙላ ወረቀቱን አየ። ከዚያ በሩን አየ። ሊክሶን በሩ ላይ ቆሟል።

«ዓመት ስንት ወር ይሆናል?» አለ፤ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ይህኛው ዘጠኝ ነበር። ዶክተር ንዮንዶ ዓርብ ዕለት ነግረውዎታል። ለሉሳካም ጽፈዋል።»

«እንግዲህ እሁድ ሐሳቡን ለውጦ ይሆናል። ተሳስቶ ይሆናል። እኔ ብላንታየር…»

«ደብዳቤው የተጻፈው ጠዋት አራት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው» አለ ሊክሶን። «አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ እንዲሄድ ተቀምጦለት። መዝገቡን አውጥቻለሁ፣ ጌታዬ።»

«ባምቦ ጃሊም ስለ ቀብሩ ነግረውናል» አለች ኤስናት። «ስለ አምስት ሺሁም።»

ቺዙላ ከረቫቱን ፈታና ጠረጴዛው ላይ አጠፈው።

«ጃሊን የላክሁት ጭቅጭቃችንን እንዳይሰማ ነው። ሌላ ነገር አላሰብኩም። ለመንኩት። እስኪፈርሙ ድረስ ዝም በል፣ ከዚያ በእርማት መልክ እናወጣዋለን አልኩት። አሥራ አንድ ሰው ከዚህ ቤት ደመወዝ ይበላል። 'መጀመሪያ ወሩን ቁጠር' አለኝ፤ እንደ ተማሪ። ገፋሁት። አልመታሁትም። ገፋሁት ብቻ።»

«ከዚያስ?»

«ወደቀ።»

«ወዲያው ሞቱ?»

«አልሞተም። ይተነፍስ ነበር።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

ቺዙላ ከረቫቱን እንደገና አጠፈው። «ሠንጠረዡን እስክጨርስ ድረስ» አለ።

ሊክሶን መጻፉን አቆመ። ኤስናት በእርሳሷ ወረቀቱን ጠቆም አደረገችለትና ቀጠለ።

«ስህተቱን ለምን ተዉት?» አለች። «እያወቁ?»

«ትክክለኛው ቢላክ ኖሮ እኔ ነበርኩ የምጠፋው። የእሱ ስም ካለበት ደግሞ ማን ይጠይቃል? ለጋሾቹ የመጨረሻውን አንቀጽ ነው የሚያነቡት። ፖሊስ ደግሞ…» አየት አደረጋት። «ፖሊስ ሠንጠረዥ ያነባል ብሎ ማን ያስባል?»

ረቡዕ ጠዋት ቺሌሼ ከሉሳካ ደወለች። የዊስከስን ቁጥሮች እንዲልኩላት ጠየቀች፤ ወር በወር የሠራቸውን፣ ሥራውን ልትጨርስለት። ሊክሶን ኮምፒዩተሩን ሁለት ጊዜ ፈትሾ ነበር። ቺዙላ እሁድ ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ሁሉንም አጥፍቶታል። ኤስናት ይህንኑ ነገረቻት።

«የዛምቢያው እኔ ጋ አለ» አለች ቺሌሼ። «አሥሩም ዓመት።»

«የማላዊው የለም።»

«ገባኝ» አለችና ዘጋች።

ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ጃሊን ከታች አወጡት። ፋይነስ ደረጃው ላይ ቆማለች፤ ዛሬ ባዶ እጇን ናት። ተረኛው መዝገቡን ገልጦ ንብረቱን አንድ በአንድ ሰጠው፤ ሽማግሌው እየተቀበለ አየው። ካፖርቱ ለማስረጃ እንደሚቆይ ኤስናት ነገረችው። ይሁን አለ። ማዕከሉ ተዘግቷል፤ ለጋሾቹ ተመልሰዋል፤ ሥራህ ምን ይሆናል ብሎ የጠየቀው የለም፤ እሱም አልጠየቀም።

«የዶክተሩ ቀብር መቼ ነው?» አለ።

«ነገ። ወደ ሰሜን ነው የሚወስዷቸው፤ ወደ አገራቸው።»

«ሩቅ ነው» አለ ጃሊ። «አልደርስም።»

ጫማውን ለማሰር ጎንበስ አለ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ተረኛውን አየው። ተረኛው መሳቢያውን ፈለገ፤ ከጠረጴዛው ሥር ፈለገ። አላገኘም። ኤስናት መዝገቡን ወደ ራሷ አዞረችና በራሷ እጅ ጻፈች፦

የተመለሰ፦ ቀበቶ አንድ፣ ባርኔጣ አንድ፣ የእጅ ባትሪ አንድ፣ ኳቻ ሦስት መቶ ሃምሳ። የጎደለ፦ የግራ እግር ጫማ ክር፣ አንድ።